ልጃችን ተሸንፎ ሲወጣ፦ ከሜዳ እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ደብተር

ሪጎሬው ወደ ላይ ወጣ። ከግቡ አግዳሚ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሄደ። ልጄ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ጃን ሜዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት። 1 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ።

ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዘን ወደ ስታዲየም ስንወርድ አፌን አልዘጋሁም። «ስትመታ ለምን ወደ ኋላ ተንጋለልክ? ስንቴ ነግሬሃለሁ? በረኛው እኮ ቀድሞ ወድቆልህ ነበር!» አንዱም ውሸት አልነበረም። ልጁ በመስኮት አራት ኪሎን እያየ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቤት ደረስን። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» አለ። በቀጣዩም ቅዳሜ እንደዚያው።

እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ምንም አልተገኘበትም። ሚስጥሩን ያወጣችው ታናሽ እህቱ ናት። «ኳስ አልጠላሁም፣ ከአባዬ ጋር ታክሲ መሳፈር ነው የማልፈልገው» ብሏት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ልጁ ዛሬም ይጫወታል። እህቱ ሩጫ ጀምራለች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ወዳጄን ኮን እየደረደርኩ፣ ውሃ እየተሸከምኩ እረዳለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። ከዚህ በታች ያለው ከራሴ ጥፋት፣ ከጥሩ አሠልጣኞች እና ከልጆቹ ከራሳቸው የለቀምኩት ነው። በቅደም ተከተል ነው ያስቀመጥኩት፤ ጊዜው ሲዛባ ጥሩ ምክርም ይበላሻል። ያ የታክሲ ትምህርቴ ማክሰኞ ቀን ቢነገር ኖሮ ምናልባት ይጠቅመው ነበር።

እርምጃ 1፦ ሐሙስ ማታ ተስማሙ

ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ እራት ላይ አሥር ደቂቃ መድቡ። ሁለት ነገር ትነጋገራላችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፦ «ብትሸነፉ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» እናቴ ይህን ስትሰማ «ኧረ አታሟርት!» ብላ ተቆጥታኛለች። እውነቷን ነው፣ ጥያቄው ሟርት ሟርት ይሸታል። ልጆች ግን ቁርጥ ያለ መልስ አላቸው። የእኔው ልጅ «አታውራ» አለኝ። እህቱ «ቦርሳዬን ያዝልኝ፣ እቀፈኝ፣ ግን ሰው ፊት አይደለም» አለች። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ «ሳምቡሳ» ነው ያለው። የተባላችሁትን አድርጉ። መልሱ በየጊዜው ስለሚቀየር በየወሩ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ በልጁ እጅ ያለውን ከሌለው መለየት ነው። ውጤቱ በእሱ እጅ ብቻ አይደለም። ዳኛ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ተጋጣሚም ለማሸነፍ ነው የመጣው። ስለዚህ በእሱ እጅ ብቻ ያሉ ሁለት ነገሮች ይምረጥ። ተከላካይ ከሆነ «ኳስ ስነጠቅ ቆሜ አልናደድም፣ ወዲያው እመለሳለሁ» ሊል ይችላል። 1,500 ሜትር የምትሮጥ ልጅ «የመጀመሪያውን ዙር አልበርም» ትበል። ታዳጊዎች ሲሮጡ ያየ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም እንደ ጥይት ይወጣል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ግማሹ እግሩን እየጎተተ ነው።

የተመረጠው ነገር ደብተር ላይ ይጻፍ። ተራ ባለ 50 ገጽ ደብተር ይበቃል። ከማሊያውና ከታኬታው ጋር ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ለሯጮች ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል የመካከለኛና የረጅም ርቀት ሰዓት እዚህ ይዘገያል። አንድ አባት የሴት ልጁን ሰዓት ስልኩ ላይ ካገኘው የአውሮፓ ታዳጊዎች ሰዓት ጋር እያስተያየ ሲያሳያት አይቻለሁ። ልጅቷ ገና ሳትሮጥ ተሸንፋ ነበር። ሰዓት ማወዳደር ካስፈለገ በዚያው ሜዳ ካስመዘገበችው ከራሷ የባለፈው ወር ሰዓት ጋር ይሁን።

እርምጃ 2፦ ሜዳ ዳር አፍን መያዝ

ይኼኛው አጭር ነው፣ ግን ከሁሉም የከበደኝ ነው።

«ምታው! አቀብል! ኧረ ምን ነካህ!» እንላለን። አሠልጣኙ በበኩሉ ሌላ ነገር ይጮሃል። ልጁ ሁለት አሠልጣኝ ይኖረዋል፣ ኳስ ሲደርሰው መጀመሪያ ወደ እኛ ዞር ይላል። ያቺ ዞር ማለት ኳሱን ታስነጥቀዋለች።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ጓደኛችሁ ስልክ ያውጣና አምስት ደቂቃ እናንተን ይቅረጽ። ጨዋታውን ሳይሆን እናንተን። እኔ የራሴን ቪዲዮ ሳይ አፈርኩ። ልጁ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር ራሴን በሁለት እጄ እይዛለሁ፣ ሰማይ አያለሁ፣ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ቃል አልወጣኝም፣ ግን ልጁ ከ40 ሜትር ርቀት ሁሉንም እያነበበ ነው።

ዳኛን መስደብም አለ። እኛ ዳኛ ስንሰድብ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ስንሸነፍ ጥፋተኛው ሌላ ሰው ነው። ዳኛው በእውነት ቢሳሳትስ? ይሳሳታል። የዕድሜ ማጭበርበርም አለ፣ በየሜዳው የምንሰማው ነው። ፊፋ ራሱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እስከማስመርመር የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ክስ ካለ ግን የትልልቆች ሥራ ነው። አሠልጣኙና የቡድኑ ተጠሪ ልጁ በሌለበት፣ በወረቀት ያቅርቡት። ልጁ የእሱ የሆነውን ድርሻ ይዞ ወደ ቤት ይሂድ።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት

ብዙ ነገር የሚበላሸውም የሚተርፈውም እዚህ ነው።

ፊሽካ ተነፋ። መጀመሪያ እጅ ይጨባበጡ። ተጋጣሚን፣ ዳኛን፣ የራስን በረኛ። እያለቀሰም ቢሆን ይጨብጥ። ይህ ሥርዓት ነው፣ ስሜቱ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ቀጥሎ ሰውነቱን እዩት። ውሃ ስጡት። ላቡ ሳይደርቅ ሹራብ አልብሱት፤ የጃን ሜዳ የጠዋት ንፋስ ቀልድ አያውቅም። የሚበላ ነገር ያዙለት፣ ቆሎም ሙዝም ይሁን። የተራበ ልጅ ሽንፈቱ እጥፍ ይሆንበታል፣ ትልቅ ሰውም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ዝም በሉ።

ዝምታውም ዓይነት አለው። አንዱ ዝምታ ኩርፊያ ነው፣ ልጆች ወዲያው ይለዩታል። ሌላው አብሮ መቀመጥ ነው። ከጎኑ ሁኑ፣ ቦርሳውን ተሸከሙ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። እሱ ካወራ ስሙ። ካላወራ መንገዱን ተመልከቱ።

«አይዞህ» የሚለው ቃላችን ትልቅ ሀብት ነው። አጠቃቀማችን ግን ያበላሸዋል። «አይዞህ» ብለን አናቆምም፣ «ምንም አይደለም፣ ጨዋታ እኮ ነው» እንቀጥላለን። ለእሱ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብበት የከረመውን ነገር ምንም አይደለም ስንለው፣ ያመመውን ቦታ የለም እያልነው ነው። «አይዞህ» በሉና ነጥብ አድርጉ። መጨመር ካለባችሁ «ያናድዳል፣ አውቃለሁ» በሉት።

ካለቀሰስ? ያልቅስ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚባለውን ነገር ጃን ሜዳ ላይ ጥላችሁት ሂዱ። አሥር ደቂቃ ያለቀሰ ልጅ አሥራ አንደኛው ላይ ሳምቡሳ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እንባውን የዋጠው ነው ማታ እህቱ ላይ የሚያወጣው።

ተናዶ ጠርሙስ ቢወረውር፣ ጓደኛውን ቢሰድብ ግን ዝም አይባልም። መናደድ ይፈቀዳል፣ ሰው ላይ መጣል አይፈቀድም። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነግራችሁት፣ ጠርሙሱን ራሱ እንዲያነሳ አድርጋችሁ ትቀጥላላችሁ። ስብከቱ ይቅር።

በዚህ አንድ ሰዓት ውስጥ የማይባሉ ነገሮች አሉ። «ብትሰማኝ ኖሮ።» «እገሌን አየኸው ግን?» «ለዚህ ነው እንዴ ታኬታ የገዛሁት?» ይህን የመጨረሻውን ያልተናገረ ወላጅ ካለ እጁን ያውጣ። የታኬታ ዋጋ የት እንደደረሰ ስለማውቅ አልፈርድም። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሱን ብቻ ሳይሆን የታኬታውንም ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው።

እርምጃ 4፦ ሰፈር መግባት

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሜዳው ይልቅ የሚከብደው የግቢው በር ነው።

ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ልጆች «ስንት ለስንት?» ይላሉ። ጎረቤት እትዬ «አሸነፋችሁ የኔ ጌታ?» ይላሉ። አጎት ይደውላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ አንዳንዱ ሙድ ሊይዝበት እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ መልሱን ቀድማችሁ አለማምዱት። አጭር፣ ግልጽ፣ ሰበብ የሌለው፦ «1 ለ 0 ተሸነፍን። ቅዳሜ ሌላ አለን።» በቃ። ዳኛው፣ ሜዳው፣ ጭቃው አይነሳ። ልጆች መጀመሪያ ያፍራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሉት ግን ጠያቂው ሌላ ጥያቄ እንደሚያጣ ያያሉ። ሙድ መያዝ የሚጣፍጠው ሰውዬው ሲደባበቅ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወንድምና እህትን አስጠንቅቁ። በዚያ ቀን በኳስ መፎገር የለም። በሌላ ቀን የፈለጉትን ያህል።

ማታ ይተኛ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ተሸንፎ ሌሊቱን ስልክ ላይ ያደረ ልጅ በማግስቱ ምንም ብትነግሩት አይገባውም።

እርምጃ 5፦ በማግስቱ፣ ሦስት መስመር

እሑድ ከሰዓት ወይም ሰኞ ማታ ደብተሩን አውጡ። ልጁ ራሱ ይጽፋል፤ እናንተ አትጽፉለትም። ሦስት መስመር ብቻ።

አንደኛው መስመር፦ ከጨዋታው ይዤው የወጣሁት ጥሩ ነገር። ሁለተኛው፦ ያመለጠኝ አንድ ነገር። ሦስተኛው፦ በዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ የምሠራው አንድ ነገር።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ልጆች ይቆማሉ። «ተሸነፍን እኮ፣ ምን ጥሩ አለው?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ሲመጣ የማወራት አንዲት ታሪክ አለችኝ። ብሔራዊ ቡድናችን ለ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል ገብቶበት የተመለሰ ቡድን ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም በመልሱ ጨዋታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ። ያለፍነው ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ነው። 31 ዓመት የጠበቅነው የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው በተሸነፍንበት ጨዋታ ባገባናቸው ሦስት ጎሎች ማለት ነው። ቤታችን ለስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ የዚያን ቀን ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እና ልጄን «ካርቱም ላይ ያገባሃት ጎል የትኛዋ ናት?» እለዋለሁ። አሁን አሁን ሳልጠይቀው «የካርቱም ጎል» ብሎ ይጽፋታል። አንድ ጊዜ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ሁለቴ ኳስ ተነጥቄ ሁለቴም ተመልሼ አስጣልኩ።» ይህ ጎል ነው።

ሁለተኛው መስመር ላይ ጥያቄያችሁ «ለምን?» ብሎ አይጀምር። «ለምን ሳትከው?» ክስ ነው፣ ልጁ ጠበቃ ይሆናል። «ያኔ ምን ታየህ?» በሉት። የእኔና የልጄ ንግግር አንድ ቀን እንዲህ ነበር።

«ሪጎሬዋን ልትመታ ስትሄድ ምን ታየህ?»

«አንተ።»

«እኔ?»

«አዎ። ራስህን ይዘህ ነበር፣ ገና ሳልመታው።»

ምን ትሉታላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ደብተሩ ላይ ሁለተኛው መስመር ጎን የራሴን ስም ጻፍኩ።

ሦስተኛው መስመር አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ልጁ አምስት ከጻፈ አራቱን ይሰርዝ። ሊለካ የሚችል ይሁን። «ጠንክሬ እሠራለሁ» አይለካም። «ረቡዕ ከልምምድ በኋላ 20 ሪጎሬ እመታለሁ» ይለካል።

አሸንፎ ሲመጣም ደብተሩ ይውጣ። ይህን አትርሱ። ደብተሩ ሲሸነፍ ብቻ ከወጣ የቅጣት ወረቀት ይመስለዋል።

ስለ ሰውነት ደግሞ ትንሽ። የሴቶች የጉርምስና ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ የወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው መካከል ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች፣ ምንም ሳይጭበረበር፣ አንዱ ጎረምሳ ሌላው ሕፃን ሊመስሉ ይችላሉ። ትንሹ ልጅ በጉልበት ሲሸነፍ «አትችልም» ማለት አይደለም፣ ሰውነቱ ገና ተራው አልደረሰም። ይህን ንገሩት። ትልቁንም ልጅ ወላጆቹ ይንገሩት፣ ምክንያቱም ሌሎቹ ሲደርሱበት ድንጋጤው የእሱ ነው። በ12 ዓመቱ ጎል ሲያዘንብ የነበረ፣ በ15 ዓመቱ ኳስ የተወ ስንቱን አይተናል።

እርምጃ 6፦ ሽንፈትን ልምምድ ላይ አስገቡት

ይህ በይበልጥ ለአሠልጣኞች ነው። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ 0 ለ 0 እንጀምራለን። ልጆቹ 2 ለ 0 እየተመሩ መጫወትን የሚለማመዱት የት ነው? በወር ሁለት ጊዜ የልምምዱን ጨዋታ «ቀይ ቡድን 2 ለ 0 እየተመራ ነው፣ 10 ደቂቃ ቀርቷል» ብላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ ይነጫነጫሉ። ከዚያ ኳስ ከግብ ውስጥ ሮጦ ማውጣት፣ እርስ በርስ አለመወቃቀስ፣ ኳስን ዝም ብሎ ወደ ፊት አለመለጋት ይለመዳል። ያላገቡም ቢሆን 2 ለ 0 ሲባል አይደነግጡም።

ከስህተት በኋላ የሚደረግ ትንሽ ልማድም አስተምሩ። የእኛ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ፦ ጎንበስ ብለው ሣሩን ይነካሉ፣ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ይስባሉ፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጣሉ፣ ከዚያ አንድ ቃል ይላሉ። ቃሉን ራሳቸው ነው የመረጡት። በረኛችን «ቀጣይ» ይላል። አንዱ ጉደኛ «ወራጅ» ይላል፤ ስህተቱን ከታክሲ አውርጄው ሄድኩ ማለቱ ነው። ሲስቁበት ነበር፣ አሁን ሦስት ልጆች ወስደውበታል። ሁሉም ነገር አሥር ሰከንድ አካባቢ ነው። ድካምም ስህተትም በሌለበት ሰዓት ሊለማመዱት ይገባል፣ አለበለዚያ በጨዋታ ቀን አይመጣም።

ሯጮች ላይ የሚሠራው ሌላ ነው። የሚያሳምመው መጨረሻው ሳይሆን ስብስቡ ጥሎ የሚሄድበት ቅጽበት ነው። ልጅቷ ዓይኗን ከመሪዋ ላይ አንስታ ከፊቷ ያለችው ሯጭ ጀርባ ላይ ታድርግ። እሷን ብቻ ትከተል። መቅደም የለባትም፣ ርቀቱ እንዳይሰፋ ማድረግ ይበቃል። እዚያ መቆየት ከቻለች ወደ ቀጣዩ ጀርባ። ይህ በልምምድ ላይ፣ ሆን ብሎ ከሚበልጧት ጋር በማስሮጥ ይለመዳል።

እርምጃ 7፦ ታሪኩን ሙሉውን ንገሯቸው

ልጆቻችን ስለ ሜዳሊያዎቻችን ያውቃሉ። የጎደለው መካከሉ ነው። ልጆቹ ጀግኖቹን በወርቅ ብቻ ስለሚያውቋቸው አንድ ቀን አምስተኛ ሲወጡ ከዘር የወጡ ይመስላቸዋል።

መድኃኒት እንደ ሕመሙ ነው፣ ታሪኩም እንደዚያው ይመረጥ። ውድድር አቋርጣ ለወጣች ልጅ የቀነኒሳ በቀለን ንገሯት። ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የዓለም አገር አቋራጭን አጭሩንም ረጅሙንም በየዓመቱ ያሸነፈ ሰው፣ በ2007 ሞምባሳ ላይ በሙቀቱ አቋርጦ ወጣ። በዓመቱ ኤደንብራ ላይ ጫማው ከእግሩ ወልቆ፣ ቆሞ አጥልቆ፣ መልሶ አሸነፈ።

ከታናሹ በታች ለሆነ ልጅ የኃይሌ ገብረሥላሴ አለ። አቴንስ 2004 ላይ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ስህን ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። ኃይሌ ወደ ማራቶን ዞረ፣ በ2008 በርሊን ላይ በ2:03:59 የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ።

ለፍጻሜ ትንሽ ሲቀራት ለወደቀች የለተሰንበት ግደይ። በ2023 መጀመሪያ አውስትራሊያ፣ ባትረስት ላይ በዓለም አገር አቋራጭ እየመራች መስመሩ ሊደርስ ሲል ወደቀች። ሰው ደግፎ ስላነሳት ውጤቷ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር ብር አገኘች፣ ወርቁ የጉዳፍ ጸጋይ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻው ብር ነው። ደራርቱ ቱሉም ባርሴሎና 1992 ላይ ወርቅ ካገኘች በኋላ አትላንታ ላይ አራተኛ ናት። ሁለተኛውን ወርቅ ለማግኘት እስከ ሲድኒ 2000 ድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቶባታል።

የአበበ ቢቂላም ሦስተኛው ኦሎምፒክ አለ። ሜክሲኮ 1968 ላይ በእግር ሕመም 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ የዚያን ቀን ወርቁን ማሞ ወልዴ ለአገሩ አመጣ። አበበ ተመልሶ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶን አልሮጠም። ይህንንም ንገሯቸው። ሁሉም ታሪክ በድል አይዘጋም፣ ልጆች ደግሞ የተቀባ ነገር ይሸታቸዋል።

አነጋገሩ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ አይነገርም። እና ታሪኩ ሲያልቅ ዝም በሉ። «ስለዚህ አንተም...» ብላችሁ ከቀጠላችሁ ልጁ ጆሮውን ይዘጋል።

እርምጃ 8፦ ስም ዝርዝሩ ላይ ሲጠፋ

ለፕሮጀክት (ለታዳጊዎች ማሠልጠኛ ቡድን) ምርጫ ሄዶ ስሙ ሳይጠራ መቅረት ከሽንፈት የከፋ ነው፤ ሽንፈትን ቢያንስ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈለዋል። ከላይ ያለው ሁሉ እዚህም ይሠራል፣ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል፦ ልጁ ራሱ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ አሠልጣኙን ይጠይቅ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለመግባት ምን ላሻሽል?» እናንተ አትጠይቁለት። ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ ይችላል። አንድ መልስ ይዞ ከመጣ ደብተሩ ሦስተኛ መስመር ላይ ይገባል።

ተጠባባቂ ሆኖ ለሚበሽቅ ልጅ የታምራት ቶላን ንገሩት። ፓሪስ 2024 ላይ በተጠባባቂነት ተይዞ፣ ሲሳይ ለማን ተክቶ ገብቶ፣ በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ማራቶኑን አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ ልምምዱን አላቆመም ማለት ነው።

መቼ ነው የሚያሰጋው?

ሁለት ሦስት ቀን መከፋት ያለ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ልብ በሉ። እንቅልፍ ከሸሸው፣ ምግብ ከዘጋ፣ ልምምድ በመጣ ቁጥር ሆዱን ካመመው፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ሕመም ደብቆ መጫወት ከጀመረ፣ «እኔ ምንም አልረባም» ማለት ካበዛ ከአሠልጣኙና ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ተነጋገሩ። ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካነሳ አንድ ቀን አትጠብቁ። በቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። «ሰው ምን ይለናል» የሚለው በኋላ ይታሰባል።

ሌላም አለ። አንዳንዴ ችግሩ ልጁ አይደለም። ሲሸነፉ በጥፊ የሚማታ፣ በሰው ፊት የሚያዋርድ አሠልጣኝ አጋጥሞን ያውቃል። «ያጠነክራቸዋል» ያሉ ወላጆችም ነበሩ። እኛ ልጃችንን አውጥተን ሌላ ቦታ ወሰድነው። ለመወሰን ሦስት ሳምንት የፈጀብን ይቆጨኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ውሃ ሰጠሁት፣ ሹራቡን አቀበልኩት። ከስድስት ኪሎ ታክሲ ያዝን። ልክ በሐሙሱ ስምምነት መሠረት አላወራሁም። አራት ኪሎን ስናልፍ፣ በመስኮት እያየ፣ «ሁለተኛዋ እኮ በእኔ ነው የገባችው፣ ልጁን ለቀቅኩት» አለ።

አፌ ላይ ቢያንስ አራት ነገር ነበር።

«እህ» አልኩት።

ትንሽ ቆየና «ግን ሦስተኛዋ ላይ አልለቀቅኩትም። አየኸኝ?»

«አየሁህ።»

ስታዲየም ጋ ስንደርስ ቀና ብሎ ረዳቱን አየና «ወራጅ!» አለ።